የሾፌሩ ታሪክና የወርቄ ምክር

ወርቄ ፊደል የቆጠረችው በአርባ ዓመቷ ነው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን የተቀበለችው ደግሞ ልጇ ብዙአየሁ ለብሔራዊ ውትድርና በሄደበት ሰሞን ነበር። እንዲህ ያለች ሴት መጽሐፍ ጻፊ ስትባል ሳቋ ይመጣል፤ ሳቁን ግን ጭንቀቱ ይቀድመዋል።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቷ በአባባ ወልደጻድቅ በኩል ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሻሸመኔ ዲላ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት በዓል የአንድ ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ አባዝቶ ለተማሪዎች ማንበቢያ ሊያድል አስቦ እሳቸውን መረጠ። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ከመባዛቱ በፊት ይነበብልኝ። እኔን ካልመሰለ ስሜ አይወጣበትም።"

መጀመሪያ የጻፉላቸው ጋሼ ሙሉጌታ ነበሩ። ጋሼ ሙሉጌታ ለሹሙ ንግግር፣ ለማኅበሩ መጽሔት፣ ለሟች የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ፣ ስማቸው ግን የትም የማይወጣ ሰው ናቸው። "አዋሳ ውስጥ እንደኔ የጻፈ የለም፤ ሚስቴ እንኳ አታምነኝም" ይላሉ። "በአድኃሪው ሥርዓት ቀንበር ሥር ስማቅቅ..." ብለው ማንበብ ሲጀምሩ አባባ አቋረጧቸው።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ!"

"እኔ መሪ ጨብጬ ኖርኩ እንጂ መች ማቀቅሁ? ወርቄ ትጻፍልኝ። እሷ ገና ስለተማረች ትልልቅ ቃል አታውቅም።"

ወርቄ ምስጋና ይሁን ስድብ ሳይገባት እሺ አለች።

ጋሼ ሙሉጌታ አልተቀየሙም። አጥር ጥግ ጠርተው መከሯት። "ስሚ ወርቄ፤ ለሰው ስትጽፊ አፉን ተዋሺው፤ የራስሽን አፍ እቤት ቆልፈሽበት ነይ። የሚሉሽን ሁሉ ጻፊ፣ ግማሹን በኋላ ትጥይዋለሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው። ደግሞ ጽሑፉ ለማባዣው ስቴንስል ላይ ከተመታ በኋላ 'ውይ!' ማለት አይሠራም። ውይውን አሁን ጨርሺ።"

"የሚሉኝን ሁሉ?"

"ሁሉንም።"

ወርቄ የታዘዘችውን የምትፈጽም ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይነበብ ነበር፤ "በዚያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነበር እህህ እህህ። ይቺ ድመት ወጡ ላይ ወጣች፣ አባሪያት። ከዚያ ጎማ ፈነዳ።" ጋሼ ሙሉጌታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወርቄም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን "ሽማግሌውን የሰው መሳቂያ ላደርጋቸው ነው" ብላ እህል አልወርድ አላት።

ድመቷን አወጣች፣ ሳሉን አወጣች። የባሰው ሌላ ነበር። የራሷን አፍ ቆልፋበት የወጣች መስሏት በመስኮት ተከትሏት ኖሯል። አባባ "ጎህ ሳይቀድ ዲላ ወረድኩ" ሲሉ፣ እሷ "በብርድ ያለ ጋቢ መውጣት ደረት ይመታል" ብላ ታክላለች። "ሐይቁ ዳር አውቶቡሴን አጠብኩ" ሲሉ፣ "ልጆች ሆይ፣ ዋና ሳትችሉ ውሃ አትግቡ" ትላለች። ጋሼ ሙሉጌታ በእርሳስ እየከበቡ "ይሄ ሾፌር እናት ሆኖ አረፈው!" አሉ። ወርቄ የተከበበውን ሰርዛ የቀረውን ብቻዋን ጽፋ ጨረሰች።

የንባቡ ቀን አባባ ባርኔጣቸውን አድርገው እንደ ተሳፋሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጋሼ ሙሉጌታ በሩ ላይ ቆሙ። ወርቄ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። ጎማው ሲፈነዳ አባባ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሞሮቾ ደረሰች።

"በትውልድ መንደሬ በሞሮቾ ሳልቆም አልፍ ነበር፤ ተሳፋሪው ይቸኩላል። እናቴ ግን የማልፍበትን ሰዓት አውቃ መንገድ ዳር ትቆም ነበር።"

"ቆይ" አሉ አባባ። "ይህን ማን ነገረሽ?"

ወርቄ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አነሳች። አባባ የነገሯት ሳይቆሙ ማለፋቸውን ብቻ ነው። የእናትየዋን መቆም የጻፈችው እሷ ራሷ ናት፤ ልጇን ብዙአየሁን የወሰደችው መኪና የሄደችበትን መንገድ ስታይ፣ ገበያ ስትሄድ እንኳ፣ ዛሬም እግሯ ይቆማልና።

"ማንም አልነገረኝም፣ አባባ። ከራሴ ነው። ጋሼ አስጠንቅቀውኝ ነበር። አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።"

"ተዪው!" አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ትቆም ነበር። ነጠላዋን ታወዛውዛለች፣ እኔ ክላክስ አሰማለሁ። ተሳፋሪው ያየኛል ብዬ ዞር አልልም። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ክላክሱን ጨምሪበት። በይ ቀጥዪ።"

ወርቄ ክላክሱን ጨመረች። ቀጣዩን መስመር ስታይ ድምፅዋ ወረደ።

"'ስለዚህ ሾፌሮች ሆይ፣ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ቁርስ ብሉ።'"

ጋሼ ሙሉጌታ በሩን ይዘው በሳቅ ተጣጠፉ።

"ይሄስ እኔ አይደለሁም" አሉ አባባ። "እኔ የምነዳው በባዶ ሆዴ ነበር። ይህን ሰርዢው፤ የቀረው እኔ ነኝ። ይባዛ።"

ወርቄ ሰረዘችው። ሆዷ ግን አልቻለም።

"ዲላ ድረስ በባዶ ሆድ፣ አባባ?"