ያልተቆጠሩት ከብቶች

ጂንካ ኮሌጅ ውስጥ የእንስሳት እርባታ የሚያስተምረው ኤልያብ፣ ኦይታ የሚባለው የሐመር ተማሪው ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ያው የተግባር ፈተና ነው፤ በረት ውስጥ ያሉትን ከብቶች ቆጥሮ ቅጹን መሙላት። ኦይታ ቅጹን ባዶውን መለሰ። ለምን ሲባል፣ በአባቱ ቤት ከብት እንደማይቆጠር፣ የቆጠረ ሰው በመንጋው ላይ ሞት እንደሚጠራ ተናገረ። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀ ይሰናበታል።

ኤልያብ ፈተናውን በሌላ መንገድ ልስጠው ብሎ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሐቢባን ለመናት። እሷም በዓይኔ ያላየሁትን ውጤት አልፈርምም አለችና አብራው መጣች። በሚኒባስ እስከ ሐመሯ ዲመካ ከተማ ወርደው፣ ከዚያ በእግር ወደ ኦይታ አጎት በረት ሄዱ።

ፈተናው ሳይቆጥሩ ከመንጋው የጎደሉትን መለየት ነው። ኦይታ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ኤልያብ አጎትየውን በምልክት እያዋየ ሁለት ከብት አስወጥቶ ከቁጥቋጦ ኋላ አስደበቀና መልሱን ወረቀት ላይ ጻፈ። በልቡም አንዲት አጭር ጸሎት አደረሰ።

ኦይታ ዞረ። ጣቱን አላነሳም፣ ከንፈሩም አልተንቀሳቀሰም። ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ቤተሰቡን እንደሚያይ፣ መንጋውን ፊት ለፊት አየው።

«ቦቃዋ ጊደር የለችም» አለ። «ግራ ቀንዷ የተሰበረባት ላምም የለችም። የእሷ ጥጃ፣ ዳለቻው፣ እሱም የለም።»

ሐቢባ ወረቀቱን አየች። «መምህር፣ ተማሪህ አንድ መርቆልሃል።»

ኤልያብ ጥጃ አላስወጣም። ኦይታን ደግመህ እይ ቢለው፣ ኦይታ አያስፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ እንጂ መንጋውን እንደገና አላየም።

አጎትየው ግን የበረቱን አጥር ተከትሎ ሄደ። እሾሁ የሳሳበት ቦታ ላይ ጎንበስ አለ። እናቱ ስትወጣ ሊከተላት የሾለከው ዳለቻ ጥጃ ከአጥሩ ባሻገር ደረቁ ወንዝ ውስጥ ወድቆ፣ እግሩ በድንጋይ መሀል ተይዞ ነበር። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ጎትተው ሲያወጡት እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

ኤልያብ ሳያውቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርገው ኮፍያውን አወለቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስተምር፣ ከብት እንዲህ ሲታወቅ አላየም።

ሐቢባ እስክሪብቶውን ከኤልያብ እጅ ተቀብላ ከመልሱ ሥር «ዳለቻ ጥጃ» ብላ ጨመረች። የኦይታን ቅጽ ፈረመችና ወረቀቱን ለኤልያብ መለሰችለት።

«እሱ አልፏል» አለችው። «አንተ ግን ከሦስት ሁለት ነው ያገኘኸው።»