የኣብርሄት ጥቁር ሒና

የነጻነቱ ሪፈረንደም ካለፈ ወዲህ የአስመራ ሴት ሁሉ በቅጠል አብዶ ነበር፤ ምን ልንገራችሁ፣ ቅጠል የሌለበት ነገር ማንም አይገዛም። ከሱዳን የተመለሱት፣ ከጀርመን የመጡት፣ ከበረሃ የገቡት ታጋዮች፣ ሁሉም ኬሚካል ሰለቸን ነው የሚሉት። የእሬት ሳሙና፣ የጥቁር አዝሙድ ቅባት፣ ንጹህ ሒና አምጡ ነው። መጨረሻቸው ደሞ ገዛ ባንዳ ሰፈር፣ የጁዋይሪያ እናት የከዲጃ በር ነው። ከዲጃ የወሎ ሴት ናት፤ የሒና ቅጠል ወቅጣ፣ በጨርቅ ነፍታ ትሸጣለች። ድሮ ለኢድና ለሠርግ ብቻ የሚያስታውሷት ሴትዮ አሁን ሻሂዋን እንኳ ቁጭ ብላ መጠጣት አቃታት።

ጁዋይሪያ ግርግሩ ነፍሷ ነው። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣና የሴቶቹን እጅ ይዛ አበባ ትስላለች፣ ታስቃቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ ያንጨረጭራታል፤ የእናቷ ሒና ቢበዛ ቢበዛ ቀይ ነው የሚሆነው። ከካርቱም የመጡት እጅ ላይ ያለው ግን ጥቁር፣ ጥቁር ማለት እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ። ስትነዘንዛት የከዲጃ መልስ ያው ነው፤ አላህ ቀይ ያደረገውን ቅጠል እኔ አላጠቁረውም።

ታዲያ አንድ ቀን ኣብርሄት መጣች። የጁዋይሪያ ጓደኛ የኣስመረት ታላቅ እህት ናት፤ በረሃ ያደገች ታጋይ፣ አሁን ልብስ ስፌት ፋብሪካ የገባች። መሣሪያ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ እጇ ይሻክራል። እሁድ ሙሴን ልታገባ ነው።

«ኣደይ ከዲጃ፣ አንድ ቀን እንኳ የሴት እጅ ይኑረኝ» አለቻት። «ጥቁር አድርጊልኝ። ግን ቅጠል ብቻ። በረሃ ቁስላችንን ያዳነው ቅጠል ነው።»

ከዲጃ ቀዩም ያምርብሻል አለቻት። ኣብርሄትም እሺ ጽቡቕ አለች፣ ፊቷ ግን ጭልም አለ። ያን ፊት ጁዋይሪያ አየችው፣ አለቀ በቃ።

በማግስቱ ከከሰላ አዲስ የገባው ሱሃይል ቅመም ቤት በረረች። ጥቁር ዱቄት በጣሳ አወጣላት። ቅጠል ነው ወይ ስትለው ሳቀባት፤ ታዲያ ምን መሰለሽ፣ ድንጋይ? የሱዳን ሙሽራ ሁሉ የሚቀባው ነው አላት። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ቅጠል ቅጠል አይልም። ይሄን ልብ ብላዋለች። ግን የኣብርሄት እጅ ጠቁሮ ሰው ሁሉ ሲደነቅ በዓይኗ እየመጣባት ጣሳውን ይዛ ሮጠች። ዓርብ እናቷ ጀርባዋን ስታዞር ከሒናው ሳህን ውስጥ ገለበጠችው፣ አማሰለችው። ከዲጃም ሳታውቅ ያንኑ የኣብርሄት ሁለት እጅ ላይ ቀባችው።

ወጣላት። እንዴት እንደወጣ ብታዩት፤ ኩል ነው የሚመስለው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዲጃ ራሷ ተገርማ አላህ ለሙሽራ ሲል ነው አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ኣስመረት በሩን በቡጢ ደበደበችው። ከዲጃና ጁዋይሪያ እነኣስመረት ቤት ሲደርሱ የኣብርሄት ሁለት እጅ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ አበቦቹ ከነቅርጻቸው፣ ቅጠላቸው ሳይቀር፣ ውሃ ቋጥረው ተነስተዋል። ቤት የሞሉት ሴቶች ዓይን ነው አሉ፣ ሰው በልቷታል፣ ቅጠል መቼም ሰው አይጎዳም። ወሎ ደሞ እሳት የፈጀውን በሒና ነው የሚያበርዱት፤ ከዲጃ በዚያ ያደገች ናት። የትናንቱን ትራፊ አምጪ አለቻት ጁዋይሪያን።

ጁዋይሪያ አመጣችው። መንገድ ላይ እናገራለሁ አለች፣ በር ላይ እናገራለሁ አለች። ሴቶቹ ግን የከዲጃን እጅ እየሳሙ የቐንየለይ፣ አንቺ ባትኖሪ ይላሉ። ከዲጃ ግራ እጇን እስከ አንጓው መረገችው። ኣብርሄት ነጠላዋን ነክሳ ቻለችው። ቀኙን ስትዘረጋ ነው የጁዋይሪያ አፍ የተከፈተው።

«እማ፣ ተይው። ቅጠል ብቻ አይደለም።»

አጠቡት፣ መኪና ለምነው ሆስፒታል ወሰዷት። እሁድ በፋሻ ተጠቅልላ ተዳረች፤ ቀለበቱን ቄሱ ማዕተቧ ላይ አሰሩላት። ቀኟ ነጭ ነጭ የአበባ ጠባሳ ትቶ ዳነ። የግራዋ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ፣ ፋብሪካውም በአንድ እጅ ምን ትሠሪልናለሽ አላት። ከዲጃ ላገኘችው ሁሉ የልጇን ጥፋት ተናገረች። ሴቶቹ አላመኗትም፤ ጥቁሯን ለሀብታም ደብቃ ነው ብለው ወደ ሱሃይል ሄዱ።

ጁዋይሪያ ኣብርሄት ቤት ለመሄድ ድፍረት ያገኘችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኣብርሄት ሸሚዟ ደረቷ ላይ ተከፍቶ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

«ስትቀላቅይው ታውቂ ነበር?»

«ሽታውን አውቄ ነበር።»

«እሺ፣ እሱስ ልጅነት ነው። እናትሽ ግራዬን ስትቀባኝ ለምን ዝም አልሽ?»

ጁዋይሪያ ብዙ ነገር አሰበች፣ የወጣት ግን እውነቱ ነው። «እማን እያመሰገኗት ነበር።»

ኣብርሄት አየቻት፣ አየቻት። ከዚያ ደረቷን አቀረበችላት።

«በይ ቆልፊልኝ፤ ሙሴ ሁልጊዜ ሲቆልፍልኝ አፍራለሁ።»

ጁዋይሪያ ከታች ጀምራ ቆለፈችላት።

«ነገም ነይ» አለቻት ኣብርሄት። «ከነገ ወዲያም።»