ጣሀ የላጣቸው ወታደሮች

ጎረቤቴ ጣሀ ከሱቄ አንድ ፌስታል ሙሉ የፕላስቲክ ወታደር ሲገዛ፣ ለልጅ መስሎኝ መረጥኩለት። ልጅ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ከወጣ በኋላ ነው። በማግስቱ በሞባይል መጠገኛው ደጃፍ ሳልፍ፣ አንዱን አረንጓዴ ወታደር በጉጠት ይዞ ጠመንጃውን በካተር ሲልጥ አገኘሁት።

“ምን በደለህ?” አልኩት።

“ትጥቅ እያስፈታሁት ነው፣ እትዬ ብሪቱ።”

“ይህን ያህል ጀግና ከጎኔ ተቀምጦ ነው እንዴ ሌሊት ውሻ ሲጮህ እኔ የምፈራው?”

ሳቀ፤ እጁ ግን ሥራውን አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ አባ ባቢከር የዙምባራ አለቃ ነበሩ። ዙምባራ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን። ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ በየተራቸው ሲገቡበት ነው። አንዱ ቀድሞ ከገባ ወይም ቦታውን ከሳተ፣ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። አብረዋቸው ይነፉ ከነበሩት ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹም በየዘመዳቸው ተበትነው ቀርተዋል። መለከቶቹ ግን አባ ባቢከር ቤት ጣሪያ ሥር እንደተሰቀሉ ናቸው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም፣ ማን የማንን ሰምቶ እንደሚገባ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በክረምት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። የመጨረሻ ልጃቸው ዐርዋ ደግሞ ልትዳር ተቃርባለች። ልብስ ጠየቀች አይባል፣ ወርቅ ጠየቀች አይባል። “የአባቴ ዙምባራ ካልተነፋልኝ እንደ ሙሽራ አልወጣም፤ በዝምታ ውሰዱኝ” ብላ ቁጭ አለች። ዘመዶቿ ወጣቶችን ሰበሰቡላት። ጣሀ ግን አንዱን መለከት ሊያወርድ እጁን ሲሰድ፣ አባ ባቢከር በደህና እጃቸው ምርኩዝ አነሡ። ጤነኛ ሳሉም “ቦታውን የማያውቅ አፉን አያስነካትም” ይሉ ነበር። ጣሀ ያንን ቦታ አልተማረም። እድሜውን የጨረሰው የስልክ ሆድ ዕቃ ሲጎረጉር ነው።

ስለዚህ ይህን ዘዴ አመጣ። አባቱ መናገር ባይችሉም ግራ እጃቸው አለ። ትንንሽ ነፊዎች ሠርቶ ቢሰጣቸው፣ ራሳቸው ደርድረው ያሳዩናል አለ። አሶሳ ገበያ ላይ ደግሞ ሰው የሚመስል ትንሽ ነገር ከተባለ ያለው ይኸው የፕላስቲክ ወታደር ነው።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ እነዚህ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አልያዙትም፤ አብረው ነው የተወለዱት። አፈሙዙን ስትቆርጠው ደህና ነው፤ ሰደፉ ግን ከደረት ጋር አንድ ሆኗል፣ ጣቶቹም ከቃታው አይለዩም። ትንሽ ከበረታህ ክንድ ይዘህ ትመጣለህ። ጣሀ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አካለ ስንኩል አተረፈ። ቀስ ብሎ ግን ካተሩን ጋደም አድርጎ፣ ድንች እንደሚልጥ ሰው በስሱ በስሱ ማንሳት ለመደ። ከዚያ የቆቡን ጠርዝ አነሳ፣ ዝናሩንና ኮዳውን በሞረድ በላው፣ የቀረውን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ፊታቸውንም አጠፋው።

“አፍንጫቸው ምን አጠፋ?” አልኩት።

“አባቴ የሚሰግድበት ክፍል ፊት ያለው ምስል አይገባም።”

“ታዲያ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለዩአቸዋል? ሁሉም እኮ የተላጠ እንቁላል ሆኑ!”

“በመለከታቸው ርዝመት።”

እውነቱን ነው። የቀርከሃ ስንጥር እያበላለጠ ቆርጦ፣ ለእያንዳንዱ በልኩ በካውያ አቅልጦ አጣበቀለት። ልብሳቸውንም ጀለቢያ እንዲመስል ነጭ ቀለም ቀባው። በመጨረሻ፣ እያንዳንዱ ወታደር እግር ሥር አብራ የተሠራች ዝርግ ነገር አለች አይደል፣ እንዳይወድቅ የምትይዘው? እሷንም ቆርጦ ጣላት።

“ሰው መሬት ላይ ነው የሚቆመው፤ ሳህን ላይ አይደለም” አለኝ ኮራ ብሎ፤ ለእናቱም ይህንኑ ብሏታል።

ያለ እሷ ግን የሚቆም ጠፋ። እሱም በቫርኒሽ ያበራት ጣውላ አመጣና፣ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሙዚቃ ባንድ ፊት ለፊት አሰልፎ በሱፐር ግሉ አጣበቃቸው። ማማሩን አልክድም።

አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ከማንጎው ሥር፣ አባ ባቢከር ምንጣፋቸው ላይ ተደግፈው ሳለ ሊያሳያቸው አመጣው። እናቱ ሰዕዲያ በአጥር ላይ ጠራችኝ። “ብሪቱ! ና አንተም እይ!” አለች። በእሷ አማርኛ እኔ ሁልጊዜ “አንተ” ነኝ፤ የሷን ቋንቋ በርታኛን እኔ ብናገረው ከዚህ የባሰ ስለምሆን ተቻችለናል።

አባ ባቢከር ጣውላውን ጭናቸው ላይ ተቀበሉ። ዓይናቸው በራ። በግራ አውራ ጣታቸው ከስንጥር ስንጥር እየዳሰሱ ሄዱ፤ አንዱ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ከዚያ ያንን አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱት ያዙት። አልነቃነቅ አለ። ደግመው ሳቡት፤ ጣውላው ራሱ ከጭናቸው ተንሸራተተ።

“ላ… ላ…” አሉ። በዐረብኛ “አይ” ማለታቸው ነው።

“አባ፣ እንዳይወድቁ ብዬ በሱፐር ግሉ—”

ጣውላውን በክርናቸው ገፍተው ፊታቸውን ወደ ግንዱ አዞሩ። ዐርዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች። ጣሀ እዚያው እንደተንበረከከ ቀረ።

“አልወደዱትም” አለኝ።

“ያልወደደ ሰው ሊያነሣው አይታገልም፣ አንተ! ትጥቃቸውን ካስፈታህ በኋላ መልሰህ እስር ቤት ከተትካቸው እንጂ!”

አልሳቀም። እኔም የቀልዴ ሰዓት እንዳልሆነ ገባኝና አጠገቡ ተቀምጬ ጣውላውን ያዝኩለት። እሱ ካተሩን በእግራቸው ሥር እያስገባ አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። ምንጣፉ ላይ ያቆመው ሁሉ ግን ወደቀ። በጠጠር ደገፈው፣ ወደቀ። ከዚያም የቆረጣቸውን መቆሚያዎች ሊፈልግ ወደ ሱቁ ሊሮጥ ተነሣ፤ ለካ ከጥራጊው ጋር ደፍቷቸዋል።

ሰዕዲያ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ጓዳ ገባች። ለውዝ የምትቆላበትን አሸዋ በትልቅ ትሪ ሞልታ መጣችና በባሏ ፊት አስቀመጠችው።

“ሰው መሬት ላይ ይቆማል አልክ አይደለም?” አለችው ልጇን። “እንካ። መሬት ይኸው።”

ጣሀ አንዱን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተከለው። ቆመ።

አባ ባቢከር በጎን አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸው መጣ፤ ረጅሙን መለከት የያዘውን ነቅለው ሌላ ቦታ ተከሉት። ቀጠሉ። አንዱን አስቀምጠው አሰቡና ከጎረቤቱ ጋር አለዋወጡት። ሰልፍ የነበረው ክብ ሆነ። በዚሁ ያበቃ መስሎን ነበር። ክቡ ሲሞላ አንዱን በአሸዋው ውስጥ ወደፊት ጎተቱት፤ እግሮቹ ፈለግ ጣሉ። ቀጣዩን በዚያው ፈለግ አስከተሉት። የመግቢያው ሰዓት ሲደርስ የትሪውን ጠርዝ በጥፍራቸው ቸብ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ የት ደርሶ እንደሚገባ አሸዋው ላይ ተጽፎ ቀረ። ጣሀ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ጀመረ፤ ወዲያው ግን ኪሱ ከተተውና በዓይኑ ያይ ጀመር። ዐርዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደወጣች አላየሁም።

ሲጨርሱ አባ ባቢከር ዞር ብለው በአገጫቸው ወደ ቤቱ ጣሪያ አመለከቱ።

ጣሀ አልገባውም። “ውሃ ነው አባ?”

“መለከቱን አውርድ ነው የሚሉህ፣ አንተ ደንቆሮ!” አለች ዐርዋ፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለኝ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ወጣቶቹ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ይዞራሉ። አባ ባቢከር ትሪያቸውን ይዘው መሃል ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ ድምፁ የታመመ ጥጃ ነበር፤ ደንበኞቼም ማን እንደሞተ ይጠይቁኝ ነበር። አሁን ግን ቆም ብለው የሚሰሙ አሉ።

ትናንት፣ ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ዜማው ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ተንሻፈፈ። ሁሉም በቦታዬ ነፋሁ ይላል፤ ማን እንዳጠፋ አይታወቅም። አባ ባቢከር አልጮኹም። ከትሪው አንዱን ነቅለው ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ተከሉት። ወጣቶቹ መለከታቸውን አውርደው ትሪው ላይ ተደፉ።

“ይሄ ማን ነው?” አለ የዐርዋ አጎት ልጅ ሙንታሲር፣ ከሁሉም ድምፁ ከፍ ብሎ።

“ስንጥሩን አይተህ የያዝከውን መለከት እይ” አለው ጣሀ።

ሙንታሲር ስንጥሩን አየ፤ የያዘውን ቀና ብሎ እስከ ጫፉ አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። አባ ባቢከርም የትሪውን ጠርዝ መቱ።