በር የከፈተችላት ረምላ

ረምላ ይመር ለተማሪዎች የሳይንስ ልውውጥ ጃፓን ከርማ ደሴ ስትመለስ የቤታቸውን በር የከፈተችላት ረምላ ይመር ነበረች።

ያው መልክ፣ ያው ቁመት፣ ቅንድቧ ላይ ያው ጠባሳ። ሽርጥ አሸርጣለች፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል። "እንኳን ደህና መጣሽ" አለችና ሻንጣዋን ተቀበለቻት።

የመጣችው ረምላ ክው ብላ ቀረች። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ወይዘሮ ፋጤ ከጓዳ ወጥተው አገላብጠው ሳሟትና ሌላዋን ውሃ እንድታመጣላት አዘዟት።

"እማ፣ ይቺ ማናት?"

"ረምላ ናታ። አንቺን ሸኝቶ አባትሽ ሲመለስ አብራው መጣች። አገሬን ትቼ መሄድ አልቻልኩም ብላ ስታለቅስ ምን ላድርጋት?"

በስልክ ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀች። ትምህርቷ ላይ ሐሳብ እንዳይገባት ብለው እንደሆነ መለሱላት።

አባቷ አቶ ይመር ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ገና ከተወለደች ጀምሮ ይመኙ ነበር። ረምላ ግን ጃፓን ሳለች አንዲት መምህርት እጇን ይዛ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ላይ አስቀመጠችላት። ከባሕር ሥር፣ ከሩቅ የተነሳው ንዝረት መዳፏ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አልሆነላትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከቤታቸው በላይ ያለው ተረተር እየተንሸራተተ የጎረቤት ማድ ቤት እንደሚወስድ ታውቃለች። ይህን ለማጥናት መቁረጧን ለአባቷ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታወጣና ስታወርድ ነበር አውሮፕላኑ ያረፈው።

ምሳ ላይ ነገረቻቸው። ልመናውንም ክርክሩንም አዘጋጅታ ነበር። አቶ ይመር ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ዋጡ።

"ጥሩ ነው። አንቺ መሬትሽን አጥኚ፤ ሐኪሟ አለችልን።"

ሌላዋ ረምላ ሕክምና ለመማር ተመዝግባለች። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አላለቀሰም። የተመኘችው ሁሉ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ሲሰጣት ረምላ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

ከምሳ በኋላ ሁለቱ ሳህን አጠቡ፤ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታለቀልቃለች።

"እዚያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ፈራሽ?" አለች የቀረችው።

"በጣም።"

"አውቄዋለሁ። እዚህ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። እማ ዓይን ነው አለችኝ።"

ረምላ የመሬት ጥናቱን እዚያው ጃፓን እንድትማር ተፈቀደላት። የመሄጃዋ ጠዋት ባጃጅ በር ድረስ መጣ። እናቷ ዱዓ አድርገው ሲስሟት ደፉ ላይ እግሯ ተያዘ። ልቅር ይሆን ብላ አሰበች፤ ሐሳቡ ከልቧ ነበር። ከዚያ እግሯን አነሳችና ወጥታ ተሳፈረች።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲጀምር ዞር ብላ አየች። ሐኪሟ ረምላ በሩን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ ወይዘሮ ፋጤ ጎንበስ ብለው የአንዲት ልጅ ጃኬት ይቆልፉላታል። ጃኬቱ ረምላ ባጃጁ ውስጥ የለበሰችው ራሱ ነው፤ የልጅቷ ቅንድብ ላይም ያው ጠባሳ አለ። ልጅቷ ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ቀና ብላም ባጃጁን አየችው፤ እንደማታውቀው ሰው መኪና።