የጄሉ አውራ ጣት

ከሮተርዳም እስከ ቡካሬስት እንደኔ ያለ አውራ ጣት ያለው ሰው አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉረኛ ሌላ ነው። የሥራው ደወል ስልኬ ላይ ገና ሊደውል ሲያስብ ሥራ የያዝኩበት ቀን አለ። ሥራ የሚሰጠን ኤጀንሲ ራሱ «ትራያን፣ እባክህ ለሌላውም ተው» ብሎ ሊለምነኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

እኛ ሮማንያውያን ሆላንድ አገር ቲማቲም የምንለቅምበት የመስታወት ቤት ርዝመቱ ልክ የለውም፤ በአንደኛው በር ጎረምሳ ሆኖ የገባ በሌላኛው ሽበት አብቅሎ ይወጣል። እዚያ የነገ ሥራ ዛሬ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ ይጮኻል፤ ስልኩን በጣቱ ቀድሞ የተጫነ የነገን ፈረቃ ይወስዳል፤ የዘገየ ባዶውን ይቀራል። በለቀማው ወደ ኋላ ለቀረ ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ጭራሽ አይደወልለትም። አልጋውም የኤጀንሲው ነው፤ ሳምንት ሙሉ ፈረቃ ያላገኘ ከነሻንጣው ይወጣል። የምንኖረው ድሮ ለሽርሽር መጪዎች በተሠሩ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ታጭቀን ነው። የኛ በር ላይ ዛሬም የምትስቅ ዳክዬ ተሥላለች።

ጄሉ ከኔ አልጋ ፊት ለፊት ይተኛ ነበር። የብረት ከተማችን የሬሺጻ ሰው ነው፤ ብረት አቅላጭ። ፋብሪካው ሲያፏጭ ገብቶ ሲያፏጭ እየወጣ ዕድሜውን በአንድ በር ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ቀን በሩ ተዘጋ። ሚስቱም ሞታ ቤቱም ተሸጦ ስለነበር ከዚህ አልጋ ሌላ መግቢያ አልነበረውም። እዚህ ሥራ የሚሰጠው ጣት ነው ሲሉት ከልቡ ሳቀ። ኋላ ግን የቲማቲሙ ሐረግ ጭማቂ ጣቱን ልጦ አሻራውን አጠፋበት። ስልኩ ደግሞ የባለቤቱን አሻራ ካላየ ቶሎ አይከፈትም። ጄሉ መነጽሩን ፈልጎ፣ የሚስጥር ቁጥሩን አስታውሶ፣ አንድ በአንድ ነክቶ እስኪከፍተው እኛ ፈረቃውን ተሻምተን ጨርሰናል። እንዲህ እያለ የሕማማት ሳምንት ያለ አንድ ፈረቃ አለቀበት። የአልጋው የመጨረሻ ቀን ፋሲካ ላይ ዋለ።

ያን ሰሞን አብራን የምትለቅመው ሩክሳንድራ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሩክሳንድራ ምላሷ ሽንኩርት ያለ ቢላ ይከትፋል። ሆላንዶቹ የራሳቸውን ፋሲካ ቀደም ብለው በቸኮላት አክብረው ጨርሰዋል፣ እኛ ግን ክርስቶስ ሲነሣ ቲማቲም ለቅመን አናውቅም፣ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ማንም እንዳይጫን አለች።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ሁላችንም ካልተጫንን ማንን ሊያባርሩ ነው? ቲማቲሙ እግር አውጥቶ ሳጥን ውስጥ አይገባ።»

ስልኮቻችንን በትልቁ የሾርባ ድስት ውስጥ ልናስቀምጥ ተማማልን። እኔ ጄሉን ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣሁትና፣ አንተ ቀንህ አልቋል፣ ከጓሮ ሆነህ ሞክር፣ ማንም አያይህም አልኩት።

«ስማ ትራያን» አለኝ፣ «ጓደኛ ሥራ ሲያቆም ማሽን የሚያስነሳ ሰው እኛ ዘንድ አብሮ አይበላም ነበር።»

ተመልሶ ገባና ስልኩን ከሁሉ ቀድሞ ድስቱ ውስጥ ጣለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ድስቱ ጮኸ። ሩክሳንድራ ክዳኑ ላይ ተቀመጠችበት፤ ከሥሯ ሲንቀጠቀጥ በሳቅ ሞትን። የኔ አውራ ጣት ግን እንደታረደ ዶሮ ይወራጭ ነበር፤ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩት። ጄሉ አልሳቀም። ድምፁ እስኪያልቅ ድስቱን ሲያይ ቆየ።

እሑድ ክርስቶስ ተነሣ፣ በእውነት ተነሣ ተባባልን፤ የጠቦቱን ሥጋ በላን፤ እንደ አገራችን ልማድ ቀይ የተቀባ እንቁላላችንን አጋጨን። የጄሉ እንቁላል የሁላችንንም ሰበረ። በዳኑብ ወንዝ ግራና ቀኝ ተሸንፌ የማላውቀውን እኔን ሳይቀር ሰበረኝ። እንቁላሉ ያልተሰበረ ሰው ዓመቱ የሱ ነው ይባላል። ሩክሳንድራ ግንባሩን ሳመችውና «የዘንድሮ ሰው አንተ ነህ ጋሼ» አለችው። ድስቱ ዳግም ሲጮኽ ዞሮ ያየው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ባዶውን የመስታወት ቤት አይተን ልንደሰት በእግር ሄድን። በሩ ላይ አውቶቡሶች ተደርድረዋል። ውስጡ በሰው ተሞልቷል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰፈር የፖላንዶች ነው፤ የነሱ ፋሲካ ከሆላንዶቹ ጋር አልፏል፤ ለነሱ ሰኞ ሰኞ ነው። ድሩስ አብሮ ነበር፤ ፖላንዶቹን ያሰበ ግን አልነበረም። የኛ ፋሲካ የዓለም ሁሉ ፋሲካ መስሎን ነበር። ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴትዮ ከመስታወቱ ኋላ ሆና በፍቅር እጇን አወዛወዘችልን።

እኩለ ቀን ላይ የኤጀንሲው ሰው ዊም መጣ። ሰው አክባሪ ነው፤ ሊያስወጣህ ሲመጣ እንኳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። እኔ ፊቱ ቆሜ መንግሥት የሚገለብጥ ንግግር አደረግሁ። ሩክሳንድራ ግን ያልከው «ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው» ብቻ ነው ትላለች። ዊም አውቃለሁ፣ እኔም አዝናለሁ፣ ግን ደንብ ነው አለ። የጄሉን አንሶላ ራሱ ገፎ አጠፈ። እንግዳ ያሳደረ የራሱን አልጋ እንደሚያጣም በትህትና አስታወሰን። ከዚያ ወዲያ ጄሉን እኔ ጋ እደር ያለው ሰው አልነበረም።

ሻንጣውን ተጋግዘን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንወስድ ደወሉ ደወለ።

ሻንጣው መሬት ላይ ወደቀ። ሁላችንም ነን የለቀቅነው። ከሁሉ ቀድሜ እኔ ያዝኩ፣ እሱማ ምን ይጠየቃል። ቀና ስል ጄሉ ስልኩን እያየ ቆሟል። ያለ ሥራ የዋለበት ሳምንት የጣቱን ቆዳ መልሶለት፣ ስልኩ በአንድ ንክኪ ተከፍቷል። የማክሰኞ ፈረቃ ደርሶታል። ሩክሳንድራ ወዲያው ወደ ዊም ደወለች። ፈረቃው ፈረቃ ነው አለ ዊም፤ አልጋው ግን ለፖላንዳዊ ተሰጥቷል፤ ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት።

ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡሱ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ጄሉ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ካፖርቱ ጤዛ ጠጥቷል። ሹፌሩ ሻንጣ አይገባም አለ። ጄሉ ሻንጣውን ከማቆሚያው መጠለያ ጀርባ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተና ባዶ እጁን ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀይ እንቁላሉን ከኪሱ አውጥቶ ላጠው፤ ግማሹን ለኔ ሰጠኝ። ቀኝ አውራ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሏል።

«ምን ሆነብህ?» አልኩት።

«ዛሬ በዚህ ከለቀምኩ ከሰዓት ስልኩን አይከፍትልኝም።»

ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ ብቻ ለቀመ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሐረጉን በክርኑ እየገፋ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ። እኔ ረድፌን እንደ ባቡር ጨርሼ ልረዳው ብጠጋ፣ መቁጠሪያው እያንዳንዱን ሳጥን የሚመዘግበው በለቃሚው ስም ነውና ለሱ አይቆጠርለትም ብሎ መለሰኝ። አንዴ ቀና ብሎ ከሱ ወዲያ ያለውን ረድፍ አየ፤ ሁሉም አልፎታል፤ ወደ ኋላ የቀረ እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሐረቡን ፈታ። ጣቱ ንጹሕ ነበር፤ እንደ ሕፃን ጣት። ስልኩን በግራ መዳፉ ይዞ አውራ ጣቱን በላዩ አንዣበበ። የሁላችንም ስልክ ጮኸ። አጠገቡ ነበርኩ፤ የሱ አልጮኸም። ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል ብሎ ጣቱን እዚያው አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆየ።

እኔ ተጫንኩ።