በተቆለፈው ክፍል የጮኸው ደወል

«ያ ምድር ቤት ያለው አዲሱ ክፍል ትናንት ከሰዓት ሲጮህ ነበር እኮ። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሌለ ዝም ብዬ አለፍኩ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የፕሮግራመሩን ጠረጴዛ እየወለወለች።

ሰውየው በተቀመጠበት ደርቆ ቀረ። ያ ክፍል ሥራ የሚጀምረው ገና ሰኞ ነው። በሽተኛም ነርስም የለበትም። ግድግዳው ላይ ደወል ብቻ ተሰቅሏል፤ እሱንም ከትናንት በስቲያ ከሆስፒታሉ ኔትወርክ ጋር ያገናኘው ራሱ ነው።

ትናንት ከሰዓት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሞቷል። የልብ መከታተያው ማሽን የነርሶቹን ደወል ማስጮህ ነበረበት። ተረኛዋ ሲስተር ምንም አልሰማሁም ብላ ብትምል የሚያምናት ጠፋ። መዝገቡ ላይ «ለላይኛው ፎቅ ተልኳል» የሚል መስመር በየደቂቃው አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ጠዋት ያን መዝገብ አትሞ ጉዳዩን ለሚያጣራው ኮሚቴ የሰጠው ይኸው ፕሮግራመር ነው። ሲሰጥም አፉን ሞልቶ «ማሽን አይዋሽም» ብሏል።

ፕሮግራሙን ከፈተ። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፎት ስድስት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል። የክፍሉን ስም ሲሰጡት አድራሻውን ከዝርዝር ፈልጎ የሚያመጣ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ አለው። ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ችግሩ መልስ የሚጽፍበት ሰሌዳ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ስም ሲጠይቁት የፊተኛውን መልስ አጥፍቶ እዚያው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ መልሱን ወዲያው ገልብጦ መያዝ ግድ ነው። ይህን በማያውቁ ጀማሪዎች ስንት ጊዜ ስቋል! እሱ ግን ክፍሉ አንድ በነበረበት ዘመን ምን አስቸኮለኝ ብሎ ሳይገለብጥ ትቶት ነበር። ከትናንት በስቲያ የምድር ቤቱን ስም በአንዲት መስመር ጨመረ። የምድር ቤቱ አድራሻ በላይኛው ፎቅ አድራሻ ላይ ተጻፈበት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የላይኛው ፎቅ ጥሪ ሁሉ ምድር ቤት ይወርዳል። መዝገቡ ደግሞ የሚጽፈው ስሙን እንጂ አድራሻውን አይደለም።

ስልኩን አንስቶ ላይኛው ፎቅ ደወለ።

«ደወሉን አትመኑት። ከአልጋዎቹ አጠገብ እንዳትለዩ» ብሎ ለምን ሳይሉት ዘጋ።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ያ ክፉ ሐሳብ መጣ። አሁን ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅም። የጽዳት ሠራተኛዋንስ ማን ብሎ ይጠይቃታል? በራሱ አፈረ፤ ሐሳቡ ግን ደረጃውን እስኪጨርስ ድረስ አብሮት ወጣ።

ላይኛው ፎቅ ደርሶ አንዷን ነርስ ከአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ያለውን የልብ መከታተያ የሙከራ ቁልፍ እንድትጫን ለመናት። ደወሉ ጮኸ። በሩ ተበርግዶ ሲስተር ሮጣ ገባች። ከሥራ ከታገደች ግማሽ ቀን ሆኗታል፤ ነጭ ጋውንም አልለበሰችም። ኮሪደሩ ላይ ኮሚቴው እስኪጠራት ከተቀመጠችበት ነው የተነሣችው። የበሽተኛውን እጅ ይዛ ትርታውን መቁጠር ጀምራለች።

«ሙከራ ነው፣ ሲስተር» አላት ፕሮግራመሩ።

ቀስ ብላ የበሽተኛውን እጅ ለቀቀች። «ትናንት እንዲህ ቢጮህ ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

«ጮኾ ነበር» አለ። «ሌላ ክፍል የላክሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። የሟች ሚስት ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ጮኾ ነበር?»

ለኮሚቴው ሊናገር በልቡ የደረደረው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «አዎ፣ እናቴ።»

«የት?»

«ምድር ቤት። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ።»

ሴትዮዋ በከንፈራቸው አንድ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩ መሰለ። ከዚያ አቆሙ።

«ወደዚያ ውሰደኝ» አሉት።

ሲስተር ክንዳቸውን ደገፈች። ሦስቱም ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ ኮሚቴው የተሰበሰበበት ክፍል በር ተከፈተ።

«ሲስተር፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ተሰማ። ማናቸውም አልዞሩም።