የክሌም ማቀባበያ

ክሌም ጠመንጃውን ሊሸጥ እንደሆነ የተናገረው የተጠበሰ ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ ነበር።

«ዓይኔ አበቃለት» አለ።

ሚስቱ ቬርና ሳቋን ለቀቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ ካበቃለት እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! ባለፈው ቅዳሜ ከዒላማው ይልቅ ጥንቸሎቹን ነው ያስደነገጥካቸው።»

እሱም ሳቀ፤ ዳቦውን ግን አልጨረሰውም። ያኔ ነው ነገሩ ያልጣማት።

በዊላራ ተኳሾች ክበብ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተኝተው ሲተኩሱ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ፊት ፊት የሚረታው እሱ ነበር። ኋላ ነገሩ ተገለበጠና ዋንጫው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ቬርና ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ድል አያያዝ አታውቅም። ሰዉ ሻይ ሲጠጣ «የኔ ዕውር» እያለች ባሏን መሳቂያ ታደርገው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ክሌም ለበጎቹ መኖ ሊገዛ ሲወጣ፣ ጠመንጃው አምሮ ይሸጥ ብላ ልታጸዳለት ተቀመጠች። ማቀባበያው፣ ጥይቱን ገፍቶ ከኋላው የሚቆልፈው ብረት፣ በአገሩ ሕግ ሁልጊዜ ከጠመንጃው ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። የሁለቱም ማቀባበያ በየከረጢቱ ሆኖ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቆለፍበታል። ማጽዳቱ ዱሮም የክሌም ሥራ ነው። ቬርና ከአሮጌ ፒጃማ የሰፋቻትን የራሷን ሰማያዊ ከረጢት ታውቃለች እንጂ የብረቱን ቁጥር አይታ አታውቅም። ባሏን ያመነች ሴት ቁጥር ምን ያደርግላታል!

አሁን ግን ዘይቱን ስትጠርግ እጀታው ሥር የተመታውን ቁጥር አየችው። ፈቃዷ ላይ የተጻፈው የእሷ ጠመንጃ ቁጥር ነው። ሰማያዊዋን ከረጢት ፈታች፤ እዚያ ያለው ደግሞ የእሱ ነው።

«ሽማግሌው ከረጢት ተምታቶበታል!» አለችና፣ ለወሬው ቸኩላ ሁለቱንም ጠመንጃ መኪናዋ ላይ ጭና የክበቡን ጠመንጃ ወደሚጠግነው ወደ ዳርሲ ነዳች።

ዳርሲ አልሳቀም። ጆሮውን አከከ።

«አልተምታታበትም፣ ቬርና። እኔ ነኝ የገጠምኩት። እሱ ለምኖኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ያንቺ ጠመንጃ የቀድሞው ዓይነት ነው፤ የሱ በዓለም ጦርነቱ ጥድፊያ የተሠራው። ቢሆንም ማቀባበያ ይዋዋሳሉ፤ ታዲያ ከገጠመ ነው። ያንቺው ማቀባበያ አርጅቶ በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ጥይትሽን ይበትንብሽ ነበር። ስንቱን ሞከርኩ፣ ከክሌም ማቀባበያ በቀር ልክ የገባልሽ የለም። ያንቺን ለራሱ ወሰደ። ለክቼዋለሁ፣ አደጋ የለውም። ብቻ ያሰቡት ቦታ አይመታም።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«እህትሽ የሞተች ዓመት። ‹ከቤት አልወጣም ብላኛለች፤ አንዴ ብታሸንፍ ትወጣልኝ ይሆናል› አለኝ።»

ቬርና የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አፍራም ነው፣ ወዳውም ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሷ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ወለምታ ነው።

«የየራሳቸውን መልስልኝ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቅዳሜ እንደ ድሮው ይተኩስና፣ እስቲ እሸጣለሁ ሲል እሰማዋለሁ።»

ቅዳሜ ከረጢቱን በእጇ ሰጠችው። ክሌም ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ማቀባበያውን ገፋ፣ ቆለፈ። እጁ እዚያው ቀረ። የገዛ ብረቱን ድምፅ አውቆታል። ቬርና የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳዩትን ባንዲራዎች የምታይ መሰለች።

ተኮሰ። ዒላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥይቱ ያረፈበትን በነጭ ክብ አሳዩ፤ ጠርዝ ላይ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ባሰ። ሦስተኛው ዒላማውን ጭራሽ አላገኘውም። ቬርና አሁን ይስተካከላል፣ አሁን ይስተካከላል ስትል አሥሩም አለቀ።

«ዳርሲ አፉ አያርፍም» አለ ክሌም።

«ዘጠኝ ዓመት ስሰድብህ እንዴት ዝም ትላለህ?»

«ስትሰድቢኝ ትስቂ ነበራ። ያን ዓመት መሳቅ ትተሽ ነበር።» ባርኔጣውን አስተካከለ። «ዓይኔ ግን አሁን የእውነት ነው የሄደው፣ ቬርና። ባንዲራዎቹ ወዴት እንደሚውለበለቡ እንኳ አይታየኝም። አትልፊ።»

እሷ ግን ቀድሞውኑ ተነስታለች። «ዳርሲ! መለኪያህን ይዘህ ና! እንደነበረው አድርገው!»

«ሴትዮ፣ ገና ሐሙስ አይደል እንዴ...»

«ና አልኩህ!»

ዳርሲ እያጉረመረመ ለዋወጠ፣ ለካ፣ ሄደ። ቬርና በራሷ ጠመንጃ፣ በባሏ ማቀባበያ፣ ምንጣፉ ላይ ተኛች፤ እጁን ጎትታም ጎኗ አስተኛችው።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ነፋሱን ንገረኝ። ጉንጭህ አልታወረም።»

ክሌም ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ። «ከግራ ነው። ቀለል ያለ።»

ተኮሰች። ነጩ ክብ ወጣ፤ ጥግ ላይ፣ ስታፌዝበት ከኖረችው ከእሱ ጥይት ያልተሻለ ቦታ።

«የት ነው?» አለ ክሌም።

«መሃል።»

«ውሸታም። እያለቀሱ መሃል መምታት የለም።» ከኪሱ መሐረቡን አውጥቶ በዳበሳ እጇ ላይ አኖረላት። «በይ ዓይንሽን ጥረጊ። ከንግዲህ ሁለታችንም የምናየው በሱ ነው።»

ጠረገችው። ሌላ ጥይት አቀባበለች።